ሀረጎ ላይ የደፈንኩት ቀዳዳ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ባለቤቴ ከድጃ ከእኔ ጋር መንገድ መሄድ ትታለች። «ሳንቲም የጠፋህ ትመስላለህ፤ አንገትህን ደፍተህ ሰው ላይ ትጋጫለህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ደሴም ልሁን ኮምቦልቻ፣ አስፋልቱ ላይ ክብ ምልክት ካየሁ እግሬ ይቆማል። የሻይ ሳህን የሚያህል፣ ከዙሪያው ትንሽ የጠቆረ ክብ ነው። ሌላው ሰው አያየውም፤ ቢያየውም ምን እንደሆነ አያውቅም። እኔ አንዳንዱን ማን እንደደፈነው ሳይቀር አውቀዋለሁ።

ሌላው ሰው መንገድ ሠራሁ ይላል። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ የተሠራውን ስበሳ ነው የኖርኩት። አዲስ አስፋልት ሲነጠፍ ውፍረቱ ልክ ይሁን አይሁን፣ ጠጠሩና ሬንጁ በደንብ ይጠቅጠቅ አይጠቅጠቅ በዓይን አይታወቅም። ስለዚህ ጫፉ ላይ የአልማዝ ጥርስ ያለው የብረት ቱቦ በሞተር እያዞርን፣ ውሃ እያጠጣን እንበሳለን። ከውስጡ ድፍን የአስፋልት ቁራጭ ይወጣል፤ ኮር እንለዋለን። ኮሩ ወደ ቤተ ሙከራ ይሄዳል፤ ቀዳዳው ለእኛ ይቀራል። የሥራው ግማሽ መብሳት ነው፤ ግማሹ የበሱትን መድፈን። በሁለተኛው ግማሽ ማንም አያመሰግንህም።

አሁን ይኸም እየቀረ ነው መሰለኝ። ባለፈው ደሴ መግቢያ ላይ ልጆች ሳጥን የመሰለ ነገር በመኪና ሲጎትቱ አየሁ። መሬቱን ሳይበሱ ውፍረቱን በስክሪን ያነባሉ አሉ። አንዱን ጠጋ ብዬ «እና ምኑን ነካችሁት?» አልኩት።

«ምንም አንነካም፣ አባባ» አለኝ እየሳቀ።

ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን አላወቅኩም። ምንም ካልነኩ የሚደፍኑት የለም፤ የሚደፍኑት ከሌለ የሚያበላሹት የለም። ይኸን እያሰብኩ ወደ ቤት መሄጃዬን ስቼ ሌላ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። እንዲህ ነው የሚያደርገኝ ሰሞኑን።

የተወለድኩት ቢስቲማ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት አልመጣልኝ ሲል አጎቴ ኮምቦልቻ አምጥቶ በቀን ሠራተኛነት አስገባኝ። ሥራዬ ለማሽኑ ውሃ ማመላለስ ነበር። ስለ ደሞዙ ተዉት። አለቆች ብዙ አየሁ። የመጀመሪያው ሰውን በፊርማው ብቻ የሚያውቅ ኢንጂነር ነበር። ሁለተኛው ደግ ነበር፣ ግን እንቅልፋም። ሦስተኛዋ ሴት ነበረች፤ ከሁሉም እሷ ትሻል ነበር፣ ቶሎ ወሰዱብን። ሥራውን ያስተማረኝ ግን ከእነሱ አንዱም አይደለም፤ ጋሽ ታደሰ ነው።

ጋሽ ታደሰ የደሴ ሰው ነው። አጭር፣ ቆቡን እስከ ጆሮው የሚስብ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለም ብረት የማይነካ። ጠዋት ማሽኑን ስናስነሳ እኔ ቢስሚላህ እላለሁ፣ እሱ በስመ አብ ይላል። ሞተሩ ሲነሳ «ሁለታችንም ለምነነው እንዴት እምቢ ይላል» ይላል። በየቀኑ ይላታል፤ በየቀኑም ያስቀኛል።

የኮምቦልቻ ሙቀት ሰው ያሳስታል። ማደሪያችንና ዕቃ ቤታችን እዚያ ነበር። ሥራው ግን ብዙ ጊዜ ደጋው ላይ ነው፦ ደሴ፣ ኩታበር፣ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ደግሞ ሀረጎ። ከኅዳር እስከ ጥር ላይኛው አገር ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። ውሃ የሚጠጣ ማሽን ደግሞ ውርጭ አይወድም። ፓምፑ ውስጥ አንድ ስኒ ውሃ ከቀረ ሌሊት በረዶ ሆኖ ይረጋል፤ ረግቶም ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ጋሽ ታደሰ ሥራ ሲያበቃ ቱቦውን ይፈታና አንዱን ጫፍ አፉ ውስጥ ከትቶ ይነፋዋል። ጉንጩ ቀልቶ፣ ዓይኑ አልቅሶ፣ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወጣ። ከዚያ ጠቅልሎ ቤቱ ይወስደዋል። ጠዋት ማሽኑ አስፋልት ሳይነካ አምስት ደቂቃ በባዶ ይዞራል። «አንተ ከእንቅልፍህ ስትነሳ ወዲያው ኩንታል ተሸከም ቢሉህ ትወዳለህ?» ይለኛል። ውሃውንም ለብ አድርጎ ነው የሚያመጣው፤ የጋለ ጥርስ ላይ የበረዶ ውሃ ከፈሰሰ ጥርሱ ይረግፋል።

መድፈን ላይ ግን ይብስበታል። መጀመሪያ ውሃውን በጨርቅ መምጠጥ፤ ደግሞ በደረቅ ጨርቅ። ከዚያ የቀዳዳውን ግድግዳ በእሳት ማሞቅ፣ ሬንጅ በብሩሽ መቀባት። ከዚያ በከረጢት የሚመጣውን የጠጠርና የሬንጅ ድብልቅ በሦስት ዙር መጨመር፣ እያንዳንዱን ዙር ሃያ አምስት ጊዜ በብረት መደቅደቂያ መውቀጥ። በመጨረሻም የመኪና ጎማ እንዳይነቅለው ከላዩ የድንጋይ ዱቄት መነስነስ። ሃያ አራት ከወቀጥክ ያውቅብሃል። እንዴት እንደሚያውቅ ዛሬም አልገባኝም፤ ጀርባውን ሰጥቶህ ሻይ እየጠጣ «አንድ ቀርታሃለች ሰይዶ» ይልሃል።

ከረጢቱም ብርድ አይወድም። ከበረደ ድንጋይ ይሆናል፣ አይያያዝም። ጋሽ ታደሰ ብርድ ሲጠና ከረጢቶቹን መኝታ ቤቱ ያስገባቸዋል። ሚስቱ እትዬ ወርቄ «ከእኔና ከሬንጁ ምረጥ» ብትለው፣ «አንቺ እኮ ጋቢ አለሽ» አላት። ይኸን ራሷ ናት የነገረችኝ።

አንድ ሌላ ልማድ ነበረው። ጠዋት ጠዋት የትናንቱን ድፍን ሁሉ ይዞራል። ተረከዙን ያስቀምጥና ዞር ዞር ይልበታል። የላላ ካገኘ ማነው የደፈነው ብሎ አይጠይቅም፤ አይቆጣም፤ ዝም ብሎ ይደፍነዋል። ሰው ፊት አያሳፍርህም። እኛ ወጣቶቹ ለዚህ ለዚህ ነበር የምንወደው።

ጉቦ አይበላም፣ አይፈራም። ኩታበር መንገድ ላይ የተቋራጩ ፎርማን የምንበሳበትን የኖራ ምልክት በእግሩ እያጠፋ፣ ሌላ ቦታ አሳይቶ «እዚህ ጋ ብትበሱልን» ብሎ ለመነው። ጋሽ ታደሰ መልሶ ኖራውን ቀባና እዚያው በሳው። ኮሩ ሁለት ጣት አንሶ ወጣ። ፎርማኑ ይጮሃል፣ ስልክ ይደውላል፣ ጋሽ ታደሰ ተንበርክኮ ቀዳዳውን በጨርቅ ያደርቃል። ያ ሁሉ አስፋልት ተነስቶ እንደገና ተነጠፈ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ለዚህ ነው የኋላው ነገር እስከ ዛሬ የማይገጥምልኝ።

የዛሬ ስምንት ዓመት ነው። የቡድን መሪ ካደረጉኝ ሳምንት አልሞላኝም። ሀረጎ ላይ ዳገቱን ጨርሰን የመጨረሻዎቹን ኮሮች ማውጣት ነበረብን። ጋሽ ታደሰ ዘመድ ሞቶበት ለቅሶ ሄደ። ሲሄድ «ጨርቁ እንዳይረሳ» አለኝ።

ያን ማታ ቱቦውን የነፋው አልነበረም። እኔ መሪ ነኛ! አፌን ቱቦ ላይ አድርጌ ስነፋ የቀን ሠራተኞቹ እንዳይስቁብኝ ብዬ፣ አወዛውዤ አፈሰስኩትና ተውኩት። ኮምቦልቻ ሆኜ ሳየው ሞቅ ያለ ማታ ነው፤ ማሽኑ ግን ላይ፣ ሀረጎ፣ ከዘበኛ ጋር ነው ያደረው። ጠዋት ስንደርስ ፓምፑ ውስጥ ያለው ውሃ ረግቶ አልዞርም አለ። ከመንደር የሞቀ ውሃ አስመጥተን ስናፈስበት ግማሽ ቀን ሄደ። የከረጢቱም ነገር እንደዚያው፤ ክፍት መኪና ላይ አድሮ በመዶሻ የሚሰበር ሆኗል። የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ስንደርስ ፀሐይ ጠልቃለች። ጨርቆቹ በሙሉ ርሰው፣ በብርዱ ደርቀው እንደ ቆዳ ቆመዋል። ከቀዳዳው ሥር ውሃ ይታየኛል። ወላሂ ይታየኛል። እሳቱን ስለኩሰው ነፋሱ ያጠፋዋል። ሠራተኞቹ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ያዩኛል። ድብልቁን በአንድ ጊዜ ሞላሁት፣ ወቀጥኩት፣ ስንት ጊዜ እንደወቀጥኩ አልቆጠርኩም። በእግሬ ረገጥኩት፣ ያዘ። ወደ ኮምቦልቻ ወረድን።

በማግስቱ ጋሽ ታደሰ መጣና እንደ ልማዱ ዞረ፤ እኔም አብሬው። የመጨረሻው ላይ ስንደርስ ድፍኑ የለም። ሥሩ የቀረው ውሃ በውርጩ ረግቶ ገፍቶት፣ ከባድ መኪና ነቅሎ ጥሎታል። ቀዳዳው አፉን ከፍቶ ቁጭ ብሏል። ዙሪያው ሁሉ የተፈጠፈጠ ቲማቲም ነው። ቦዩ ዳር ስባሪ ሰማያዊ ፕላስቲክ ወድቋል። የባጃጅ ነው።

ጋሽ ታደሰ ቲማቲሙን አየ። ፕላስቲኩንም አየ። ከዚያ መጥረጊያውን ከመኪናው አውርዶ ቲማቲሙን ጠረገው፤ ቦይ ውስጥ ከተተው። «እሳቱን አምጣ» አለኝ። እኔ አደረቅኩ፣ እኔ ቀባሁ፣ እኔ ወቀጥኩ። ያን ቀን ሦስቱንም ዙር ሃያ አምስት ሃያ አምስት ነው የወቀጥኩት። እሱ ከላዩ የድንጋይ ዱቄት ነሰነሰ። ስንጨርስ ዓመት የቆየ ይመስል ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ትራፊክ ፖሊስ መጣ። «ንጋት ላይ እዚህ ባጃጅ ተገልብጧል። አንዲት እናት ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ናቸው። ሹፌሩ ጎማዬ ቀዳዳ ገባ ይላል። እናንተ የበሳችሁት ክፍት ነበር እንዴ?» አለ።

ጋሽ ታደሰ ቱቦውን እየጠቀለለ ነበር። ቀና ሳይል፣ «የእኛ ቀዳዳዎች ሁሉ ተደፍነዋል፤ ዞረህ እይ» አለው።

ፖሊሱ ዞሮ አየ፣ ጻፈ፣ ሄደ። እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ጋሽ ታደሰ አልዋሸም፤ ሁሉም ተደፍነው ነበር። እውነት ተናገረ ልበል? ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ይኸን ሳሰላስል ሁለት ኮር ላይ የተሳሳተ ቁጥር ለጠፍኩ።

የባጃጁ ሹፌር ኑሩ ይባላል። ከኮምቦልቻ ደሴ ገበያ ቲማቲም ጭኖ ሲወጣ፣ ከኋላ የተቀመጡት የሚስቱ እናት እማማ ዘሀራ ናቸው። የባጃጅ የፊት ጎማ ትንሽ ነው፤ ያ ቀዳዳ ይውጠዋል። የሚስቱ ወንድሞች ግን «እንቅልፍ ወስዶት ነው፣ ሌሊቱን ሲቅም አድሮ ነው» አሉ። ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ኑሩ ሸህ እንድሪስ የሚባሉ የሰፈሩ ሽማግሌ ፊት «ወላሂ ቀዳዳ ነበር» ብሎ ማለ። ሽማግሌዎቹ ከጁምዓ ሶላት በኋላ መኪና ይዘው ሀረጎ ድረስ ወጡ። ኑሩ እየመራ ቦታውን አሳያቸው። አስፋልቱ ለጥ ያለ ነው። «ደፍነውታል» ቢል፣ «ማን? በሁለት ቀን? መቼ ነው እዚህ አገር በሁለት ቀን የተደፈነው?» አሉት። እውነታቸውን ነው፤ ማን ያምናል? አላህን ፍራ ብለውት ተመለሱ። ሚስቱ ሀዋ በሐሰት ከማለ ሰው ጋር አልኖርም ብላ ሄደች።

ይኸን የሰማሁት ኮምቦልቻ ሻይ ቤት ውስጥ ነው። ባጃጅ ተራ ላይ ውሸት የተናገረ ሁሉ «ይቺ ደግሞ የኑሩ ቀዳዳ ናት» ይባል ጀመር። አንድ ቀን አጠገቤ አንዱ ብሎት ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ለምን እንደሳቅኩ እንጃ። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ጋሽ ታደሰን አንዴ ብቻ ጠየቅኩት። «ጋሼ፣ ያን ቀን ቲማቲሙን ለምን ጠረግከው?»

«አቧራ ያለበት ላይ ሬንጅ አይይዝም፤ ቲማቲም ያለበት ላይ ይይዛል እንዴ?» አለኝ። አየኝና፣ «ሌላ የምትጠይቀኝ አለ?» አለ።

«የለም» አልኩት።

ሌላ የምጠይቀው ነበር። ልማዱ ሆኖ ደፈነው ወይስ እኔን ሊሸፍን? ስባሪውን አይቶ ሰው መውደቁን አላወቀም ይባላል? የኩታበሩን ፎርማን ያልፈራ ሰው አንድ ትራፊክ ይፈራል? ወይስ እኔ እንድናገር ነው የጠበቀኝ? ጋሽ ታደሰ ባለፈው ዓመት ሞተ። ቀብሩ ላይ ቆሜ እንኳ የማስበው ይኸንኑ ነበር። ሰው ጓደኛው አፈር ሲለብስ ስለ ቲማቲም ያስባል? እኔ አስብ ነበር።

ጡረታ ስወጣ ሥራ አጣሁና ሐሳቡ ብቻውን አገኘኝ። ለከድጃ ነገርኳት። «እና እዚህ ምን ታደርጋለህ?» አለችኝ። በማግስቱ ኑሩን ፍለጋ ወረድኩ።

ባጃጁን ሸጧል። ኮምቦልቻ፣ ደሴ መውጫው ላይ ጎሚስታ ሆኖ አገኘሁት። የመኪና ጎማ ካላማዳሪ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ይፈልጋል። ጠጉሩ ሸብቷል፤ ያኔ ልጅ እግር ነው ይሉት ነበር እኮ።

«ጎማ ነው፣ ጋሼ?» አለኝ።

«አይደለም» አልኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስሜን ነገርኩት፣ ሥራዬን ነገርኩት። ከዚያ ሁሉንም፣ ከጨርቁ ጀምሬ እስከ ድንጋይ ዱቄቱ።

እጁ ሳፋው ውስጥ እንዳለ ቆመ። ቀና አላለም። «ወርዱ ስንት ነበር?» አለኝ።

«አሥራ አምስት ሳንቲ። ጥልቀቱ እስከ እጅ አንጓ።»

«ከመሐል መስመሩ በየት በኩል?»

«ወደ ደሴ ሲወጣ በቀኝ። ከመታጠፊያው ትንሽ ወረድ ብሎ።»

ራሱን ነቀነቀ። «እኔኮ ትቼው ነበር፣ ጋሼ» አለ። «መጀመሪያ ማልኩ። ሁሉም የለም አሉኝ፤ ሄጄ ባየውም የለም። ኋላ ራሴን ጠረጠርኩ። እንቅልፍ ወስዶኝ ይሆናል፣ ቀዳዳውን በሕልሜ አይቼው ይሆናል አልኩ። በሐሰት የማልኩ መስሎኝ ስምንት ዓመት በየጁምዓው ተውበት ሳደርግ ኖርኩ።»

«አውፍ በለኝ» አልኩት። እጁን ከሳፋው አወጣ። «ሀዋስ?» ስለው፣ ቢስቲማ አግብታ ሦስት ልጅ ወልዳለች አለኝ። ከዚያ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ሱቁን ዘጋ። «ይኸን ለእኔ ብቻ ነግረህ አትሄድም» ብሎ ከፊት ከፊት ሄደ። ጋሼ ማለቱን እዚያ ላይ ተወው፤ እኔም አልተቀየምኩም።

እማማ ዘሀራ ቤት ስንደርስ ኑሩ ደጃፍ ላይ ቆመ። እኔ ገባሁ። ከትንሽ መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከዘራቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ዳሌያቸው የሚረግሙኝ መስሎኝ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ።

«እንግዲያ ቀዳዳው ነበር?» አሉ።

«ነበር።»

«ያንተ?»

«የእኔ።»

«ታዲያ ምን ዝም አሰኘህ?»

ያኔ ጋሽ ታደሰን መተረክ ጀመርኩ፤ ቢያውቅ ነው፣ ባያውቅ ነው፣ እሱ ዝም ስላለ ነው፣ ነገሩ ስላልገባኝ ነው እያልኩ። በእጃቸው አቆሙኝ።

«የሞተ ሰው አትጥራብኝ። አንተን ነው የጠየቅሁ።»

«ፈርቼ ነው፣ እናቴ» አልኳቸው። «መሪ ካደረጉኝ ሳምንት አልሞላኝም ነበር። እንዳያወርዱኝ ፈርቼ ነው።»

ለማንም ብዬው አላውቅም፤ ለከድጃም፣ ለራሴም። ያን ሁሉ ዓመት ግራ የገባኝ ስለ ጋሽ ታደሰ ይመስለኝ ነበር።

እማማ ዘሀራ ወደ በሩ ዞሩ። «አንተስ ምን በር ላይ ያቆምሃል? ግባ እንጂ ልጄ» አሉት።

«አልገባም፣ እናቴ» አለ ኑሩ። «ሀዋን አትመልሱልኝም። ሸህ እንድሪስ ግን በሕይወት አሉ። መሐላዬ እውነት ነበር ብለው ለእሳቸው ይንገሩልኝ። ሌላ የምፈልገው የለም።»

እማማ ዘሀራ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። «እንሂድ» አሉ።

ባጃጅ ልጥራ አልኩ። «ከዚያ ወዲህ ባጃጅ አልሳፈርም» አሉኝና ወጡ። የሸህ እንድሪስ ቤት ከመስጊዱ ጀርባ ነው፤ ሁለት ቅያስ ቢሆን ነው። በየአሥር እርምጃው ይቆማሉ፣ ዳሌያቸውን ይይዛሉ፣ ደግሞ ይራመዳሉ። ኑሩ ክንዳቸውን ይዟል። እኔ ከኋላ ከኋላ፣ እሳቸው ሲቆሙ እየቆምኩ እከተላለሁ። ሁለቱን ቅያስ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብን።